የጡት ካንሰር ወደ አከርካሪ አጥንት ሲዛመት፦ «6 ወር» የሚለው ግምት ምን ማለት ነው?

በኩር፣ ከሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ስለ እናቴ ነው። 58 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረውም አዲስ አበባ ከታናሽ እህቴ ጋር ነው። ከአራት ዓመት በፊት የግራ ጡቷ በካንሰር ምክንያት በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ኬሞቴራፒ ወሰደች፤ ከዚያም ታሞክሲፈን የተባለውን እንክብል በየቀኑ እንድትውጥ ታዘዘላት። ሁለተኛው ዓመት ላይ «ድኛለሁ እኮ» ብላ መድኃኒቱን በራሷ ፈቃድ እንዳቆመችው ያወቅነው ግን አሁን ነው። ከመስከረም ጀምሮ መሀል ጀርባዋን ሲያማት እሷም እኛም ብርድ ነው ብለን አለፍነው፤ ወጌሻ ዘንድም ሁለት ጊዜ ሄዳ ታሽታለች። ሕመሙ ቀን ቀን ቀለል እያለ ሌሊት ስትጋደም ይብስባት ነበር። ባለፉት አሥር ቀናት ደግሞ እግሮቿ እየከበዷት መጥተው፣ ዛሬ የምትራመደው እህቴ ክንዷን ይዛት ነው።

በኤምአርአይ ምርመራ ሦስት የአከርካሪ አንጓዎች ተጎድተው ተገኙ፤ ከእነርሱም አንዱ፣ በደረት ትይዩ ያለው፣ ህብለ ሰረሰሯን ተጭኗል። ዳሌዋ ላይም አንድ ቦታ ታይቷል። ሲቲ ስካኑ ግን ጉበቷም ሳንባዋም ንጹሕ መሆናቸውን ያሳያል። ሐኪሙ ወረቀቷ ላይ «ቶኩሃሺ 10» ብሎ ጽፎ፣ ለወንድሜ በቃል «6 ወር» ብሎታል።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን የሚነገረው ይኸው ቁጥር ብቻ ሆኗል። ወንድሜ ቤቱን ሸጠን ሕንድ እንውሰዳት ይላል፤ እህቴ ደግሞ የቀራት ጊዜ ይህን ያህል ከሆነ በቀዶ ሕክምና አናሠቃያት፣ ጸበሏን እየተጠመቀች በሰላም ትኑር ትላለች። እኔ የትኬቱን ቀን እንኳ መቁረጥ አቅቶኛል። ለእናቴ እስካሁን የነገራት ሰው የለም። ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ያህል ሊታመን እንደሚገባውና ቀዶ ሕክምናን በእርሱ ላይ ተመሥርቶ መወሰን ተገቢ መሆን አለመሆኑን የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ውለታውን አልረሳም።

የአከርካሪ ሐኪም

በኩር፣ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ስለ ቁጥሩ ከመጻፌ በፊት ከቁጥሩ በላይ የሚያስቸኩለኝን ልናገር። ህብለ ሰረሰሩ በተጫነ ሰው ላይ እግር መክበድ ሲጀምር የሚቆጠረው ጊዜ ወር ሳይሆን ቀን፣ አንዳንዴም ሰዓት ነው። ሕክምናው ሲጀመር በእግሩ የሚሄድ ሰው ከሕክምናው በኋላም የመሄድ ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ እግሩ ጨርሶ ከሰለለ በኋላ የመጣ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስለትም። ስለዚህ እህትዎ ዛሬውኑ ሐኪሙን አግኝታ የእናትዎ እግር ድካም እየባሰ መሆኑን በግልጽ ትንገረው፤ ዴክሳሜታሶን የተባለውን እብጠት ቀናሽ መድኃኒት መጀመር እንዳለባቸውም ትጠይቅ። ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ካቃታቸው፣ ወይም መቀመጫቸው አካባቢ መደንዘዝ ከተሰማቸው ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይወሰዱ። መታሸቱም ከዛሬ ጀምሮ ይቅር፤ በካንሰር የሳሳ አንጓ በእጅ ግፊት ሊደረመስ ይችላልና።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ቶኩሃሺ የተባሉት ጃፓናዊ ሐኪም መመዘኛቸውን መጀመሪያ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1990 ሲሆን፣ ዛሬ የምንሠራበት በ2005 የተሻሻለው ነው። ስድስት ነገሮችን ይመዝናል፤ ድምሩ ከ0 እስከ 15 ይደርሳል፤ ነጥቡ ከፍ ባለ መጠን የሚጠበቀው ዕድሜም ይረዝማል። በጻፉልኝ ላይ ተመሥርቼ የእናትዎን ስደምር፣ በሰው ድጋፍ የሚንቀሳቀሱ በመሆናቸው ለአጠቃላይ አቅማቸው 1፣ ከአከርካሪ ውጭ የተነካው አጥንት አንድ ብቻ በመሆኑ 1፣ የተነኩት አንጓዎች ሦስት በመሆናቸው 0፣ ጉበትና ሳንባን የመሰሉ የውስጥ አካላት ባለመነካታቸው 2፣ እግራቸው የደከመ እንጂ ያልሰለለ በመሆኑ 1 ያገኛሉ። የቀረው የካንሰሩ መነሻ ነው፤ የጡት ካንሰር በዚህ መመዘኛ የመጨረሻውን ከፍተኛ ነጥብ፣ ማለትም 5 ያገኛል፤ የሳንባ፣ የጨጓራ ወይም የቆሽት ካንሰር ቢሆን 0 በሆነ ነበር። ድምሩ 10 ነው። ሐኪሙ በስሌቱ አልተሳሳተም።

ስሕተት የተፈጠረው በመተላለፉ ላይ ይመስለኛል። በመመዘኛው ከ0 እስከ 8 ያገኘ ሰው ከ6 ወር በታች፣ ከ9 እስከ 11 ያገኘ 6 ወርና ከዚያ በላይ፣ ከ12 እስከ 15 ያገኘ ደግሞ 1 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል ተብሎ ይጠበቃል። የእናትዎ ቦታ መካከለኛው ነው። ለወንድምዎ የደረሰው «6 ወር» ከዚህ መስመር የተቀነጨበ ከሆነ «ከዚያ በላይ» የሚለው መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቷል ማለት ነው። 6 ወር በዚህ ምድብ መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም። እንዲህ ስል ግን ዋስትና እየሰጠሁዎት አይደለም፤ በዚሁ ምድብ ውስጥ ሆነው ሦስት ወር ሳይሞላቸው ያረፉ ሕመምተኞች አሉኝ፣ ዓመታት አልፏቸው ዛሬም ለክትትል የሚመጡ አሉኝ። መመዘኛው የሚናገረው ስለ ብዙ ሰዎች በአንድነት ነው፤ ከእነዚያ ሰዎች መካከል የእርስዎ እናት የትኛዋ እንደሆነች የሚለይበት መንገድ የለውም።

ሌላ መመዘኛ ብንወስድ ነገሩ እንዴት እንደሚለወጥ ይመልከቱ። በጃፓኗ ካናዛዋ ከተማ የሠሩት ቶሚታ በ2001 ያወጡት መመዘኛ ሦስት ነገሮችን ብቻ ይጠይቃል፤ የካንሰሩን የዕድገት ፍጥነት፣ የውስጥ አካላትን ሁኔታና የአጥንት ሥርጭቱን ብዛት። እዚያ ዝቅ ያለ ነጥብ ነው የተሻለው። የጡት ካንሰር ቀስ ብለው ከሚያድጉት ስለሚመደብ 1፣ የውስጥ አካላት ስላልተነኩ 0፣ አጥንት ላይ ከአንድ በላይ ቦታ ስላለ 2 ሆኖ ድምሩ 3 ይመጣል፤ ይህም ረጅም ጊዜ ይኖራሉ ተብለው እብጠቱን ከነአንጓው ነቅሎ ማውጣት ከሚታሰብላቸው ጋር ያስመድባቸዋል። ሦስት አንጓዎች በተነኩበት ሁኔታ ግን እኔ ይህን አላደርገውም፤ ብዙ ባልደረቦቼም አያደርጉትም ብዬ አምናለሁ። አንዲት ሴት በአንድ ቀን፣ በአንድ ፊልም፣ በአንዱ መመዘኛ መካከለኛ በሌላው ከሁሉ የተሻለች ሆና ስትገኝ፣ ከነጥቡ ጀርባ ሌላ ማሰብ እንደሚያስፈልግ ግልጽ ነው።

ታዲያ ለምን እንለካለን? ዕድሜን ለመተንበይ ሳይሆን ሕክምናን ለመምረጥ ነው። በ2005 የወጣውና ሥራችንን የለወጠው ፓቼል የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ጥናት 101 ሕመምተኞችን አካትቶ ነበር፤ ግማሾቹ ጨረር ብቻ፣ ግማሾቹ ቀዶ ሕክምናና ጨረር ተሰጣቸው። ከሕክምናው በኋላ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 84 በመቶው፣ ጨረር ብቻ ካገኙት ደግሞ 57 በመቶው በእግራቸው ሄደዋል፤ በእግር መሄድ የቻሉበት ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ዘንድ 122 ቀን፣ በሁለተኞቹ ዘንድ 13 ቀን ያህል ነበር። ወደ ጥናቱ ለመግባት ግን ቢያንስ 3 ወር ይኖራል ተብሎ የሚጠበቅ መሆን፣ ህብለ ሰረሰሩ የተጫነውም በአንድ አካባቢ ብቻ መሆን ያስፈልግ ነበር። ዛሬም ጥያቄያችን ይኸው ነው፤ ሰውየው ከቀዶ ሕክምናው ቁስል አገግሞ በጥቅሙ የሚኖርበት ጊዜ አለው ወይ? በነጥብ 10 መልሱ ለእናትዎ «አላቸው» ወደሚለው ያደላል። ስለዚህ እህትዎ ቀዶ ሕክምናውን የምትቃወምበት ምክንያት ቁጥሩ ከሆነ፣ ቁጥሩ የሚናገረው እርሷ ካሰበችው ተቃራኒውን ነው።

ስለ ሕንድ ጉዞ በአጭሩ፣ የተጫነውን ህብለ ሰረሰር ማስለቀቅና አከርካሪውን በብሎን ማጽናት አዲስ አበባም የሚሠራ ነው። ቤት እስኪሸጥና ቪዛ እስኪገኝ የሚያልፉት ሳምንታት የእናትዎን እግር ሊያሳጡ ይችላሉ። ቀዶ ሕክምናው የማይቻል ሆኖ ጨረር ብቻ ቢሆን ደግሞ ረጅም ተራ እንዳያስጨንቃችሁ፤ በእንግሊዝና በአውስትራሊያ 686 ሕመምተኞች የተሳተፉበት በ2019 የወጣ ጥናት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ 8 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረርን ለአምስት ቀን ከሚሰጥ 20 ግሬይ ጋር አወዳድሮ፣ በስምንተኛው ሳምንት በእግራቸው የሚሄዱት 69.3 እና 72.7 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። ረዘም ያለ ዕድሜ ለሚጠበቅለት ሰው የቀናቱን ብዛት እመርጣለሁ፤ ምርጫው አንድ ቀን ወይም ምንም ከሆነ ግን አንዱ ቀን ብዙ ነው።

የምስል ሐኪም፣ ባሕር ዳር

ባልደረባዬ በጻፉት ሁሉ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ከነጥቡ በፊት የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከአከርካሪው ናሙና ተወስዶ በፓቶሎጂ ታይቷል? በኩር አልጠቀሱትም። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ ብዙ ነው፤ አንድ ጊዜ ካንሰር የነበረበት ሰውም ከቲቢ አይጠበቅም። በፊልም ላይ ካንሰር ብዙውን ጊዜ በአንጓዎቹ መካከል ያለውን ዲስክ ሳይነካ አጥንቱን ይበላል፣ ቲቢ ደግሞ ሁለት ጎረቤት አንጓዎችን ከነዲስካቸው አበላሽቶ ከጎናቸው መግል ይቋጥራል፤ ይህ ልዩነት ግን ሁልጊዜ አይገኝም፣ በተለይ ቲቢው ገና ጀማሪ ሲሆን ዲስኩ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል።

ይህን አጥብቄ የምለው ከራሴ ቤት በመጣ ምክንያት ነው። አክስቴ ከዓመታት በፊት በአንድ ሆስፒታል ፊልሟ ብቻ ታይቶ «ካንሰር ነው፣ ተሰራጭቷል» ተብላ ወደ ቤት ተመለሰች። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርሁ። የቀረው ለቅሶ ብቻ ነበር ማለት እችላለሁ፤ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ስንብት ያደርግላት ጀመር። ከአራት ወር በኋላ በሌላ ቦታ ናሙና ሲወሰድ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቷን ጨርሳ ዛሬ በምርኩዝ ትሄዳለች፤ እነዚያ አራት ወራት ባይባክኑ ኖሮ ምርኩዙም ባላስፈለጋት ብዬ ዛሬም አዝናለሁ። በካንሰር መመዘኛ አሥር ጊዜ ብትለካ ኖሮ አሥሩም ውጤት ከንቱ ነበር።

የእናትዎ ሁኔታ፣ ሦስት የተለያዩ አንጓዎችና ዳሌ መነካታቸውን ስመለከት፣ ወደ ካንሰሩ ያመዝንብኛል። ቢሆንም ናሙናው ከካንሰርነቱ ማረጋገጫ ሌላ ጥቅም አለው። የጡት ካንሰር የሆርሞን ተቀባይ (ካንሰሩ በሆርሞን እንዲያድግ የሚያደርገው፣ እንደ ታሞክሲፈን ያሉ መድኃኒቶች የሚያነጣጥሩበት) ያለው ወይም የሌለው ሊሆን ይችላል፤ ከአራት ዓመት በኋላ አጥንት ላይ የተገኘው ከመጀመሪያው የተለየ ጠባይ ይዞ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ቀዶ ሕክምና ከተደረገ ናሙናው እግረ መንገዱን ይወሰዳል፤ ለፓቶሎጂ መላኩንና የተቀባዮቹ ምርመራም መታዘዙን ግን ቤተሰቡ ይከታተል። ለቲቢም «ጂን ኤክስፐርት» የተባለው ምርመራ ከዚያው ናሙና ላይ ሊሠራ ይችላል።

የማስታገሻ ሕክምና ነርስ

ስሠራ የኖርኩት የስቃይ ማስታገሻ ሕክምና በሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞች ዘንድ፣ ብዙውን ጊዜም በየቤታቸው ነው። «ስንት ጊዜ ቀራት?» የሚለውን ጥያቄ ያልሰማሁበት ሳምንት አላስታውስም፤ ስለዚህ ሐኪሞች በመመዘኛ ፈንታ በግምታቸው ሲመልሱ ምን እንደሚሆን ልጨምር። በቺካጎ ተካሂዶ በ2000 በወጣ ጥናት 343 ሐኪሞች ስለ 468 በጽኑ የታመሙ ሰዎች ዕድሜ ተጠይቀው፣ በትክክል የገመቱት 20 በመቶውን ብቻ ነበር፤ 63 በመቶው ላይ ከሆነው በላይ ረጅም ዕድሜ ገምተዋል። ሕመምተኛውን ለረጅም ጊዜ ባወቁት መጠን ደግሞ ስሕተታቸው ጨምሯል። ሰው የሚወደውን ሰው ሞት አቅርቦ ማየት ይከብደዋል፤ ይህ ነውር አይደለም። መመዘኛዎቹ የተሠሩትም ይህን የልብ ማድላት ለመግታት ጭምር ነው።

በኩር፣ ከጻፉት ሁሉ ያሳሰበኝ «ለእናቴ እስካሁን የነገራት ሰው የለም» የሚለው ነው። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለባለቤቱ የሚነገረው በመጨረሻ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልጆች ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር ነው። ነገር ግን ስለሚቀደደው ጀርባ የሚወስኑት እናትዎ ራሳቸው ናቸው፤ ስለ ምን እንደሚወስኑ ሳያውቁም ሊወስኑ አይችሉም። ቁጥር ንገሯቸው አልልም። ከእናንተ መካከል የሚቀርባቸው ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ «እማዬ፣ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ማወቅ ትፈልጊያለሽ ወይስ እኛ እንድንሰማልሽ ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ይጠይቃቸው። ብዙ እናቶች ለዚህ ጥያቄ ሲመልሱ ቀድሞውንም እንዳወቁት ይገባኛል፤ ሌሊት ሌሊት የሚያማቸው እርሳቸውን ነውና።

ጸበሉን በተመለከተ ከሕክምናው ጋር አይጣላም፤ የሚጎዳቸው መንገዱ ነው። ያልጸና አከርካሪ ይዘው በኮረኮንች መንገድ በሚኒባስ ከሚሄዱ ጸበሉ ወደ ቤት ይምጣላቸው፤ ካህኑም ቤት ድረስ ቢመጡ ደስ ይላቸዋል። ለሕመማቸው ሞርፊን ከታዘዘ «ይህ የመጨረሻው መድኃኒት ነው» ብላችሁ አትፍሩት፤ በልኩ ሲወሰድ ዕድሜ አያሳጥርም፤ የሆድ ድርቀት ማስታገሻው ግን አብሮ ይታዘዝ።

ትኬቱንስ? አሁን ይምጡ። ቀዶ ሕክምናው ከተሳካ ሲያገግሙ ያስታምማሉ፤ ካልተሳካም ከእናትዎ ጋር አፍ ለአፍ ተነጋግረዋል። ለመምጣት የሚያስፈልግዎት ቁጥር የለም።

በኩር፣ ከሜሪላንድ

ሦስታችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጽሑፋችሁን ለወንድሜና ለእህቴ በስልክ አነበብኩላቸው። «ከዚያ በላይ» የሚለውን ስደርስ ወንድሜ ደግሜ እንዳነብለት ጠየቀኝ፤ ከዚያም ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። እህቴ ያንኑ ቀን ሆስፒታል ወስዳት ዴክሳሜታሶን ተጀምሮላታል፤ እግሯ ከትናንት ትንሽ እንደተሻላት ትናገራለች። ቀዶ ሕክምናው ለፊታችን ማክሰኞ ተቀጥሯል፤ ናሙናውም ይላካል ብለውናል። እናቴ ስትጠየቅ «ጡቴ ተመልሶ መጣ አይደል?» አለች አሉኝ፤ እንግዲህ ታውቅ ነበር። እኔ እሑድ እነሳለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፤ የሆርሞን ተቀባዩ ምርመራ መልካም ውጤት ቢያመጣ 10 የተባለው ነጥብ ከፍ ይላል?

የአከርካሪ ሐኪም

አይልም፤ የመመዘኛው ትልቁ ድክመትም ይኸው ነው። ቶኩሃሺ የጡት ካንሰርን በሙሉ በአንድ ዓይን አይቶ 5 ይሰጠዋል፤ የሆርሞን ተቀባይ ያለው ካንሰር ግን ለእንክብል መድኃኒት ለዓመታት ሊታዘዝ ይችላል፤ ሦስቱም ተቀባዮች (የኢስትሮጂን፣ የፕሮጀስትሮንና HER2 የተባለው) የሌሉት ዓይነት ደግሞ ብዙ ይፈጥናል። የሳንባ ካንሰርም እንዲሁ ነው፤ በ2005 የተሰጠው 0 ዛሬ የተወሰነ የጂን ለውጥ ኖሮት በታለመ መድኃኒት የሚታከመውን ሰው አይገልጸውም። ወረቀቱ ላይ ያለው 10 እንዳለ ይቆያል፤ የሚለወጠው የእኛ ተስፋ ነው። እናትዎ ያቋረጡት ታሞክሲፈን የታዘዘላቸው ያኔ ተቀባዩ ተመርምሮ ተገኝቶ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነውና የድሮውን የፓቶሎጂ ወረቀት ፈልጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በመሀል መቋረጡ ለካንሰሩ መመለስ አስተዋጽኦ አድርጎ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም በዚህ ማንም እናትዎን እንዳይወቅሳቸው አደራ እላለሁ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚወሰደው ደም አልቡሚን የተባለውን የደም ፕሮቲንና ሄሞግሎቢንን እንዲያካትት ጠይቁ። አዳዲሶቹ መመዘኛዎች ለእነዚህ ብዙ ቦታ ይሰጣሉ። የኒው ኢንግላንድ መመዘኛ ከአሮጌዎቹ በወሰደው ላይ በእግር መሄድንና አልቡሚን በዴሲሊትር ከ3.5 ግራም በላይ ወይም በታች መሆኑን ጨምሮ ይቆጥራል፤ በ2019 ከቦስተን የወጣውና በ732 የቀዶ ሕክምና ሕመምተኞች መረጃ ላይ የተገነባው የኮምፒውተር ስሌትም የ90 ቀንና የ1 ዓመት ግምት ሲሰጥ ከሚጠይቃቸው መካከል እነዚህ ይገኛሉ። እነዚያ ሰዎች ቦስተን የታከሙ ናቸው፤ መድኃኒቱ ቶሎ የሚደርሳቸው፣ ክትትላቸውም የማይቋረጥ ስለሆነ ግምቱን ለእኛ ሰው ሳውል እጠነቀቃለሁ። አልቡሚን ግን አዲስ አበባም ቦስተንም አንድ ነው፤ ዝቅ ካለ ቁስሉ ለመዳን ይቸገራል፤ እስከ ማክሰኞ ባለው ጊዜ እንቁላሉም ወተቱም ሽሮውም ሳይቀር ደጋግመው እንዲበሉ አድርጉ፤ ጾም ላይ ከሆኑ የንስሐ አባታቸውን አነጋግሩ።

አንድ ነገር ለእህትዎ ይንገሯት፤ ከአልጋ ሲያነሷቸው በብብታቸው ይዘው አይጎትቷቸው። መጀመሪያ ትከሻና ዳሌያቸው አብሮ እንዲዞር አድርገው በጎናቸው ያስተኟቸው፤ ከዚያ እግራቸው ከአልጋው ሲወርድ ደረታቸው በእጃቸው ድጋፍ ይነሣ። ከማክሰኞ በኋላ እግራቸው እንዴት እንደሆነ ይጻፉልን።